የማይነቃነቅ ሦስት እግር፦ በኩዌት በአነስተኛ ገንዘብ ትራይፖድ ለሚገዙ

በኩዌት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ካሜራ ሲገዛ ብዙ ይጠይቃል። ስንት ሜጋፒክስል ነው? ሌንሱ ይቀየራል ወይ? አገር ቤት ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ወደ ትራይፖዱ ሲመጣ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል፤ ርካሹ የቱ ነው? ሻጩም ከመደርደሪያው ቀጭኑንና ቀላሉን አውርዶ ያስረክበዋል። ከወራት በኋላ ማጥበቂያው ይላላል፣ የላስቲክ እጀታው ይሰበራል፣ ሌላ ትራይፖድ ይገዛል። ካሜራው ሳይለወጥ ትራይፖዱ ሁለቴ ሦስቴ የሚለወጥበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ገንዘቡ ከምን እንደሚመጣ ለሚያውቅ ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይፈቅዳል፤ በ2016 ደግሞ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወስኗል። በዚህ ልክ ለምትከፈል እህት የ45 ዲናር ትራይፖድ የሦስት ሳምንት ድካሟ ነው። ዕቃውም ብዙ ጊዜ ለራሷ አይደለም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሠርግ መቅረጽ ለጀመረ ወንድሟ የሚላክ ነው። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን በየትኛው የትራይፖዱ ክፍል ላይ ቢያውል ነው የሚያተርፈው?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ እግሩ ላይ ነው። ቁመቱ፣ ቅለቱ፣ የአዝራሩ ብዛት፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ሁሉም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ምክንያቱን ቀስ ብለን እናያለን።

በመጀመሪያ ግን በስልክ ብቻ የሚቀርጹትን ከዚህ ወጪ ላውጣቸው። ስልክ በአብዛኛው ከ250 ግራም አይበልጥም፤ ሌንሱም ሰፊ ማዕዘን ስለሚያይ ትንሽ ንቅናቄ አይታይበትም። ለቲክቶክ፣ ለቀጥታ ስርጭት፣ ወይም ከልጆች ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ስልክ የሚቆም ከሆነ ጥቂት ዲናር የሚያወጣው ቀላሉ ትራይፖድ ከብሉቱዝ መቆጣጠሪያው ጋር ይበቃል። ክብ መብራት የሚሸከመው ረጅም ስታንድ ግን ትራይፖድ አይደለም። የተሠራው ለመብራት ነው፤ ካሜራ ሲሰቀልበት አናቱ ከብዶት ይወድቃል። ከዚህ ወዲያ የምናወራው ሌንሱ ስለሚቀየር ካሜራ፣ ስለ ቪዲዮ ካሜራና ረጅም ሌንስ ስለያዘ ሰው ነው።

ሦስት ነጥብ ላይ የቆመ ነገር መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። እናቶቻችን ድስት በሦስት ጉልቻ የሚጥዱት ለዚሁ ነው። የትራይፖድ ችግር እንግዲህ መንገዳገድ ሳይሆን መጠምዘዝና መንቀጥቀጥ ነው። ቁጥሩን እንየው። 24 ሜጋፒክስል ባለው ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ተገጥሞ ካሜራው ከአንድ ዲግሪ ሺህ እጅ ሁለቱን ያህል ብቻ ቢዞር ምስሉ አንድ ሙሉ ፒክስል ይንሸራተታል። ይህን ያህል ንቅናቄ በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይታወቅም። ሻተሩ በሚከፈትበት ጊዜ ጣት የሚያሳርፈው ጫና፣ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ወይም በአጠገብ ያለፈ መኪና ግን ይህን ንቅናቄ ለመፍጠር አቅም አላቸው። ጥሩ ትራይፖድ የሚባለው ይህን ንቅናቄ የሚያሳንስና በፍጥነት የሚያረጋጋው ነው።

ይህን የሚወስነው ዋናው ነገር የቱቦው ውፍረት ነው። የግድግዳው ስስነት እኩል ከሆነ የቱቦ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ጋር እኩል አያድግም፤ በሦስተኛ ርቢው ያድጋል። የላይኛው እግሩ 28 ሚሊሜትር የሆነ ትራይፖድ 22 ሚሊሜትር ከሆነው ጋር ሲወዳደር በስፋት የሚበልጠው በሩብ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ መታጠፍና መጠምዘዝን በመቋቋም ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስድስት ሚሊሜትር በዓይን እምብዛም የምትለይ አይደለችም፤ ፎቶው ላይ ግን ልዩነቷ ይወጣል። ሱቅ ሲሄዱ ትንሽ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ የላይኛውንም የታችኛውንም ቱቦ ይለኩ። ታችኛው ቱቦ ሁልጊዜ ቀጭኑ ነው፤ የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበትም እሱ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ዋጋ ሦስት ክፍል ያለው እግር አራትና አምስት ክፍል ካለው ይሻላል። አምስት ክፍል ያለው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትራይፖድ ለመንገደኛ የተሠራ ነው፤ የመጨረሻው ቱቦው የእርሳስ ያህል ሊቀጥን ይችላል።

አሁን ወደ ማሸጊያው እንምጣ። «8 ኪሎ ይሸከማል»፣ «15 ኪሎ ይሸከማል» የሚል ጽሑፍ ሁሉም ላይ አለ። ይህ ቁጥር ሁሉም አምራቾች የሚከተሉት አንድ መለኪያ የለውም። አንዱ ትራይፖዱ ሳይሰበር የሚችለውን ይጽፋል፤ ሌላው ሄዱ፣ ማለትም ካሜራው የሚያርፍበት የላይኛው ክፍል፣ ሳይንሸራተት የሚይዘውን። አለመሰበርና አለመንቀጥቀጥ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዘ ሴንተር ኮለም በሚል ስም የሚታወቀው ነጻ የትራይፖድ ምርመራ ትራይፖዶችን በመሣሪያ እየጠመዘዘ ሲለካ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የማሸጊያው ኪሎ ስለ ጽናት የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ቁጥሩን የግድ መጠቀም ያለበት ሰው ለሦስት ቢያካፍለው ይሻላል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ካሜራና ሌንስ ያለው ቢያንስ ስድስት ኪሎ የተጻፈበትን ይፈልግ፤ ከዚያም ቁጥሩን ረስቶ በእጁ ይፈትን።

ቁመትም እንዲሁ ያታልላል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመሃል ምሰሶው እስከ ጫፍ ተስቦ ነው። ምሰሶው ሲሳብ ካሜራው በሦስት እግር ላይ መቆሙ ይቀርና በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። ሦስት እግር የገዛ ሰው አንድ እግር ይጠቀማል ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት «ምሰሶው ሳይነሳ ስንት ይደርሳል?» ተብሎ ነው። ዓይናችን ከአናታችን አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሄዱና ካሜራው ደግሞ ሌላ ሃያ ሴንቲሜትር ገደማ ይጨምራሉ። ስለዚህ 165 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው ሰው እግሩ ብቻ 135 ሴንቲሜትር ቢደርስ ይበቃዋል። ለምሳሌ የማንፍሮቶ 190 ባለሦስት ክፍል አሉሚኒየም ምሰሶው ሳይነሳ 135 ሴንቲሜትር፣ 055 ደግሞ 140 ሴንቲሜትር ይቆማሉ፤ ክብደታቸው 2 ኪሎና 2.5 ኪሎ ነው። እነዚህን የጠቀስኩት የግድ እነሱን ግዙ ለማለት ሳይሆን በመካከለኛ ዋጋ ጽኑ የሚባል እግር በዚህ ክብደትና ቁመት አካባቢ እንደሚገኝ ለማሳየት ነው። ከዚህ በእጅጉ የሚቀልል አሉሚኒየም በርካሽ ካገኙ የቀነሰው ጥንካሬው ነው።

ካርቦን ፋይበር ወይስ አሉሚኒየም? የፈረንሳዩ ጊትዞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ካርቦንን ወደ ትራይፖድ ካመጣው ወዲህ የቻይናዎቹ ቤንሮ፣ ሲሩይና ሊዮፎቶ ዋጋውን በብዙ አውርደውታል። ካርቦን ይቀልላል፤ ንቅናቄንም ቶሎ ይውጣል። በኩዌት በጋ ሌላ ጥቅምም አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሚትሪባ በተባለው ቦታ የተለካው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የተመሰከረለት ነው፤ እንዲህ ባለ አገር ፀሐይ ላይ የቆመ አሉሚኒየም እጅ ያቃጥላል። ያም ሆኖ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ወፍራም አሉሚኒየም ከቀጭን ካርቦን ይሻላል። በዚህ ላይ አልጠራጠርም። ክብደቱ በነፋስ ጊዜ ይጠቅማል፤ የእጁን መቃጠል ደግሞ በላይኛው እግር ላይ የሚጠቀለል ስፖንጅ ወይም የብስክሌት መሪ መጠቅለያ ይፈታዋል።

የእግሩ ማጥበቂያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ተጠምዝዞ የሚጠብቅና እንደ መቀርቀሪያ ተከፍቶ የሚዘጋ። በኩዌት ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል፤ አቧራ አለ። በበጋው መጀመሪያ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሳው ሻማል የተባለው ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋ በቱቦና በማጥበቂያ መካከል ይገባል፤ ከባሕሩ ጨው ጋር ሲቀላቀል ብሎኖችን ያዝጋል። የሚጠመዘዘው ዓይነት አሸዋ ሲገባው ያንቋቋል፤ ግን ያለ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይገጠማል። የሚከፈተው ዓይነት ለማጽዳት ያስቸግራል፤ ሲላላ ግን በብሩጎላ ሩብ ዙር ማጥበቅ በቂ ነው። በጣም ርካሾቹ ላይ ያለው የላስቲክ መቀርቀሪያ ብሩጎላ የሚገባበት ብሎን የለውም፤ አንዴ ከላላ አበቃለት። ስለዚህ ከየትኛውም ዓይነት ቢሆን «ሊፈታና ሊጠብቅ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከዓይነቱ ይበልጣል። ባሕር ዳር ከዋሉ በኋላ በጨው አልባ ውሃ ማጠብ፣ እግሩን ዘርግቶ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ልማድ ይሁን። ግራሶ ደግሞ አምራቹ ከሚያዘው ቦታ ውጭ አይቀባ፤ አሸዋ ይሰበስባል።

እግሩ ከተያዘ ወደ ሄዱ እንለፍ። ርካሽ ትራይፖድ ላይ ሄዱ ከእግሩ ጋር ተጣብቆ የሚመጣና የማይነቀል ነው። ይህ ብቻውን ትራይፖዱን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ይመስለኛል፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይጣላሉና። ሄዱ የሚነቀል ከሆነ በእግሩና በሄዱ መካከል ያለው ብሎን ብዙውን ጊዜ የኢንች ሦስት ስምንተኛ ነው፤ በሄዱና በካሜራው መካከል ያለው ደግሞ የኢንች ሩብ። እነዚህ ሁለት ልኮች ዓለም አቀፍ ስለሆኑ የጃፓን ካሜራ በቻይና ሄድ፣ የቻይና ሄድ በጣሊያን እግር ላይ ያለ ችግር ይቆማል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ትልቁ ረዳቱ ይህ ስምምነት ነው፤ ዛሬ ጥሩ እግር ገዝቶ ሄዱን በሌላ ወር መጨመር ይችላል።

ለፎቶ የሚሆነው ቦል ሄድ ነው፤ በአንድ ማጥበቂያ ካሜራውን በየትኛውም አቅጣጫ ይይዛል። የኳሱ ስፋት 36 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ለአብዛኛው ካሜራ ይበቃል፤ ረጅም ሌንስ ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ፈተናው ቀላል ነው። ካሜራውን ከሌንሱ ጋር ሰቅለው ወደ ፊት ያዘንብሉት፤ ስክሪኑን አጉልተው አንድ ነጥብ ይያዙ፤ ከዚያ ያጥብቁትና እጅዎን ይልቀቁ። ነጥቡ ወደ ታች ከወረደ ሄዱ ይንሸራተታል፤ ይተዉት። ሕንፃ ለሚያነሳ ሰው፣ ለምሳሌ ከኩዌት ማማዎች ወይም ከአል ሐምራ ሕንፃ ፊት ለሚቆም፣ በሦስት እጀታ የሚንቀሳቀሰው የድሮው ዓይነት ሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱን አቅጣጫ ሳይነካ ሌላውን ማስተካከል ያስችላል፤ በገበያም ይረክሳል።

ቪዲዮ ሌላ ዓለም ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ በብዛት የሚሠራው ቪዲዮ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ልደት፣ የመዝሙር ፕሮግራም፣ የማኅበር ስብሰባ። እዚህ ላይ ካሜራው መቆም ብቻ ሳይሆን ሳይንቀጠቀጥ መዞር አለበት። ፍሉድ ሄድ የሚባለው ውስጡ ባለው ወፍራም ፈሳሽ ንቅናቄውን እኩል ያዘገየዋል። ችግሩ «ፍሉድ» የሚለው ቃል ብዙ ቦታ የሚጻፈው ውስጡ ግራሶ ብቻ ባለው ሄድ ላይም መሆኑ ነው። ለመለየት እጀታውን በአንድ ጣት በጣም ቀስ ብለው ይግፉት። ሲነሳ ከዘለለ ወይም ሲቆም ወደ ኋላ ከተመለሰ ፍሉድ ላይሆን ይችላል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ደግሞ ሁልጊዜ በሄዱ ጥፋት አይደለም፤ እግሩ ተጠምዝዞ ሲለቀቅም ይመለሳል። ለዚህ ነው በቀጭን እግር ላይ የተሰቀለ ውድ ፍሉድ ሄድ ገንዘብ ማባከን የሚሆነው። የቪዲዮ ትራይፖድ እግሮቹን በመሃል የሚያያይዝ ዘርጊ ካለው መጠምዘዙን በእጅጉ ይቀንሳል። የቻይናው ዌይፌንግ 717 የዚህ ዓይነት ነው፤ ለዋጋው የሚሰጠው ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም ሄዱ ከባድ ካሜራ ላይ ይደክማል። ያገለገሉት ማንፍሮቶ 501 እና 701 ሄዶች ከብዙ አዳዲስ ርካሽ ሄዶች ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ የምታስከፍል። ካሜራው ሥር የምትታሰረው ፕሌት። ዛሬ አብዛኛው የፎቶ ሄድ የሚከተለው 38 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የአርካ ስዊስ ቅርጽ ነው፤ ፕሌቷ ብትጠፋ በየትም በጥቂት ገንዘብ ትተካለች። የድሮዎቹ ማንፍሮቶ ሄዶች የራሳቸው ቅርጽ ስላላቸው የእነሱን ፕሌት መፈለግ ያስፈልጋል። ስም የሌላቸው ርካሾች ፕሌት ግን ከጠፋች ምትክ የላትም። ብዙ ትራይፖድ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጥሎ የሚቀረው እግሩ ተሰብሮ ሳይሆን ፕሌቱ ጠፍቶ ነው።

የት ይገዛ? አዲስ ለሚፈልግ እንደ ኤክሳይት፣ ዩሬካና ቤስት አል ዩሲፊ ያሉት ትልልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች አሉ። በሐወሊ ኢብን ኻልዱን ጎዳና አካባቢ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ብዙ ትናንሽ ሱቆች ተያይዘው ይገኛሉ፤ እዚያ ዋጋ መከራከር ይቻላል፤ ዕቃውንም ዘርግቶ ማየት ይፈቀዳል። ኩዌት ተጨማሪ እሴት ታክስ የሌለባት አገር ስለሆነች የተጻፈው ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ ነው።

እኔ ግን ገንዘብ ያነሰውን ሰው የምመክረው ያገለገለ እንዲፈልግ ነው፤ ለዚህም ኩዌት የተለየች አገር ናት። ከነዋሪዋ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የውጭ ዜጋ ነው። ውሉ አልቆ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ (ኢቃማው) አልታደስ ብሎ ወይም ወደ ሌላ አገር ተቀጥሮ በየወሩ የሚሄድ ሰው አለ። የሚሄድ ሰው ካሜራውን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝነውንና ሻንጣ የማይገባለትን ትራይፖድ ግን ይሸጣል። የሌላው ሰው የሻንጣ ችግር ለእርስዎ ቅናሽ ይሆናል። በሳልሚያ፣ በፈርዋኒያ፣ በመህቡላና በፋሃሂል የሚኖሩ የሕንድ፣ የፊሊፒንስና የግብፅ ፎቶ አፍቃሪዎች ብዙ ናቸው፤ ዕቃ አያያዛቸውም ጥሩ ነው። በአል ራይ ያለው የዓርብ ገበያ፣ ሱቅ አል ጁምዓም፣ መታየት አለበት፤ የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ለሆነው ደግሞ ይመቻል። እዚያ ግን ዋስትና የለምና ፍተሻው ይጥበቅ። ትራይፖድ ከካሜራ የሚለየው በዚህ ነው፤ ውስጡ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ ጉድለቱ በእጅና በዓይን ይታወቃል። አሥር ዓመት ያገለገለ ወፍራም እግር ማጥበቂያዎቹ ከያዙ እንደ አዲስ ነው።

ፍተሻው እንዲህ ይሁን። እግሮቹን እስከ መጨረሻ ይዘርጉና ሁሉንም ያጥብቁ፤ ምሰሶውን አያንሱ። መዳፍዎን አናቱ ላይ አድርገው ወደ ግራና ቀኝ ይጠምዝዙት፤ የሚዞረው ሲበዛ አይሆንም። ቀጥሎ በየአንዳንዱ እግር ላይ ከላይ ይጫኑ፤ ቱቦው ከሰመጠ ማጥበቂያው አልቋል። ከዚያ ካሜራዎን ካለዎት ረጅም ሌንስ ጋር ሰቅለው ስክሪኑን አሥር እጥፍ ያጉሉና በመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ላይ ያነጣጥሩ። እግሩን በጣት ጠቅ ያድርጉት። ጽሑፉ ቶሎ ከረጋ ጥሩ ነው፤ መወዛወዙ ከሁለት ሴኮንድ ካለፈ ሌላ ይፈልጉ። ይህ ፈተና ከማንኛውም የሽያጭ ቃል ይበልጣል፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ትራይፖድ ጎን ለጎን ሲሞከር ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ከሁሉም የሚረክስ ጽኑ እግር የሚገኘው ካሜራ ሱቅ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ኩዌት የግንባታ አገር ናት፤ ቀያሾች መሣሪያቸውን የሚያቆሙበት የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ትራይፖድ በግንባታ ዕቃ ሱቆች ይሸጣል፤ ያገለገለም ይገኛል። የሱ ብሎን የኢንች አምስት ስምንተኛ ነው፤ ወደ ሦስት ስምንተኛ የሚቀይር አንድ ትንሽ መቀየሪያ ከተገጠመለት ማንኛውንም ሄድ ይሸከማል። ይከብዳል፣ በአውቶቡስ ይዞ መዞር አይቻልም፣ ጫፉም ሹል ብረት ስለሆነ ምንጣፍና ወለል እንዳይወጋ ጎማ ያስፈልገዋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ለሚቀርጽ የማኅበር ወይም የመዘምራን ክፍል ግን ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም።

ጥሩ ትራይፖድም አቋቋሙን ካላወቁበት አይጠቅምም። በሹወይኽ ባሕር ዳርቻ ቆሞ ማምሻ ላይ የከተማውን ሕንፃዎች የሚያነሳ ሰው ዋና ጠላቱ ነፋስ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የካሜራውን ማንገቻ ያውልቁ ወይም ይጠቅልሉ፤ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። አንዱን እግር ወደ ሌንሱ አቅጣጫ ያድርጉ። ቦርሳ ከመሃሉ ቢሰቅሉ ጥሩ ነው፤ ግን ታቹ መሬት ይንካ፤ የሚወዛወዝ ቦርሳ ራሱ ትራይፖዱን ያወዛውዛል። ቀጭኑን የታችኛውን ቱቦ ከመዘርጋት ትንሽ ማጎንበስ ይሻላል። አሸዋ ላይ ወይም ውሃ ዳር ከሆኑ ግን በተቃራኒው፤ የታችኛውን ቱቦ መጀመሪያ ይዘርጉ፤ ያኔ ማጥበቂያው ከአሸዋውና ከጨው ውሃው በላይ ይቀራል። እግሮቹን አሸዋው ውስጥ ገፍተው ከሰመጡ በኋላ ነው ውሃ ልኩ የሚታየው። የእግረኛ ድልድይ ላይ ያለ ትራይፖድ ከድልድዩ ጋር ስለሚንቀጠቀጥ መኪናው እስኪያልፍ ይጠብቁ። ሻተሩን በጣት ሳይሆን በሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ ያስነሱ፤ ይህ ምንም አያስከፍልም፤ ትርፉ ግን ከብዙ ዲናር ይበልጣል።

ስለ ሰውና ስለ ሕግም አንድ ቃል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ኩዌት ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ትልልቅ ካሜራዎች በአደባባይ ተከለከሉ ብሎ ጽፎ ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ጋዜጣው ብዙም ሳይቆይ ዘገባውን አስተባብሏል። እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ሆኖም ትራይፖድ ዘርግቶ የቆመ ሰው በስልክ ከሚያነሳው ይልቅ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወታደራዊና የነዳጅ ተቋማትን፣ የጸጥታ ሰዎችን ማንሳት አይገባም። ቤተሰብና ሴቶች ባሉበት ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት ደግሞ ከነውርነቱ ባሻገር ሊያስከስስ ይችላል። በገበያ ማዕከሎችና በአጥር ውስጥ ባሉ መናፈሻዎች ጠባቂው ትራይፖድ እንዳይቆም ሊጠይቅ ይችላል፤ ሳይከራከሩ ማጠፍ ነው። የመታወቂያ ካርድ ከእጅ አይለይ።

ዕቃው ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ ሄዱን ከእግሩ ነቅለው በልብስ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፤ በእጅ ይዞ ለመግባት መሞከር በር ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ብሩጎላዎቹን፣ አንድ ትርፍ ፕሌትና ትርፍ የእግር ጎማዎች አብረው ይላኩ። እነዚህ እዚህ በሳንቲም የሚገኙ ናቸው፤ ክፍለ ሀገር ያለ ወንድም ግን በነሱ እጦት ትራይፖዱን መጠቀም ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ በገንዘብ ልክ እንዲህ እፈርዳለሁ። ከ10 ዲናር በታች ያለው አዲስ ትራይፖድ ለስልክ ብቻ ነው፤ ለካሜራ ከሆነ ገንዘቡን ይያዙ። ከ15 እስከ 25 ዲናር ያለው አዲስ አይግዛ፤ ያገለገለ ወፍራም አሉሚኒየም ይፈልግ፤ የቀያሽ እግርም እዚህ ውስጥ ይገባል። ከ40 እስከ 50 ዲናር ያለው 28 ሚሊሜትር የላይኛ እግር፣ ሦስት ክፍልና የሚነቀል ሄድ ያለው አዲስ አሉሚኒየም ሊያገኝ ይችላል፤ ያገለገለ ከመረጠ ደግሞ ከታላላቆቹ ስሞች አንዱን ከነሄዱ ይይዛል። ለቪዲዮ የሚገዛ ከጠቅላላ ገንዘቡ ከግማሽ በላዩን ለእግሩ ይመድብ፤ ሄዱ በኋላ ይሻሻላል። ኩዌትን ለቃችሁ ለምትሄዱ ባለሙያዎችም አደራ አለኝ፤ ትራይፖዳችሁን ስትሸጡ ፕሌቱንና ብሩጎላውን አብራችሁ ስጡ፤ ዋጋውንም ገዢዋ ስንት እንደምትከፈል አስባችሁ ቁረጡ።